ቱግ የሚለው ሰው ለራሱም አደገኛ ነው፦ ስለ ቁጣ፣ ስለ አንጎል ኬሚካልና ራስን ስለማጥፋት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ራስን ስለማጥፋት የሚያወራ ነው። አሁን ከባድ ጊዜ ላይ ያላችሁ ከሆነ ከምታምኑት ሰው ጋር ሆናችሁ አንብቡት፤ ወይም በቀጥታ ወደ መጨረሻው ምክር እለፉ።

ኢንተርን ሆኜ በምሠራበት ዓመት ነው። አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ ወጣት ቀኝ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ታላቅ እህቱና አንድ ፖሊስ አብረውት አሉ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) መጠጥ ቤት ውስጥ በረባ ባልረባ ነገር ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ የሰውየውን አፍንጫ ሰብሯል። ሊገላግሉ የገቡትንም አልማራቸውም። በመጨረሻ የመስኮቱን መስታወት በቡጢ መታው።

እጁን ስሰፋለት ዝም ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል። ግማሽ ላይ ስደርስ «ዶክተር፣ ምን ያደክምሻል? ለዚህ እጅ?» አለኝ። ስካር ነው ብዬ አለፍኩት። ዘጠኝ ስፌት፣ የቴታነስ መርፌ፣ አንቲባዮቲክ። ካርዱ ላይ የጻፍኩት ስለ እጁ ብቻ ነው። ከፖሊሱ ጋር ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በአምቡላንስ። በዋስ ተለቅቆ ቤት በገባ በማግስቱ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ነበር። እህቱ ቶሎ ስለደረሰችበት ተረፈ። ኮሪደር ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «ዶክተር፣ እኔ እኮ የምፈራው አንድ ቀን ሰው ይገድላል ብዬ ነበር። ራሱን ብዬ በጭራሽ አስቤ አላውቅም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አላሰብኩም ነበር። «ለዚህ እጅ?» ሲለኝ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ዛሬ የምጽፈው ያኔ ሊገባኝ ይገባ ስለነበረው ነገር ነው።

ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉናል

ራሱን ሊያጠፋ የሚችል ሰው ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዝምተኛውን ነው። ክፍሉን ዘግቶ የሚውል፣ ምግብ ያስጠላው፣ የሚያለቅስ። ተደባዳቢው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ይመስለናል። ሰው ይጎዳል እንጂ ራሱን አይጎዳም፤ «እሱ እኮ ምንም አይደንቀው» እንላለን።

ሕክምናው የሚለው ግን ሌላ ነው። በደም ፍላት ሰው የሚመታና በደም ፍላት ራሱን ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ቁጣው አንድ ቀን ወደ ውጭ ይወጣል፣ አንድ ቀን ወደ ውስጥ ይዞራል። ይህን ሐሳብ በላብራቶሪ ማጥናት ከተጀመረ ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

አመዱን ያዩ ሐኪሞች

መጀመሪያ ስለ ሴሮቶኒን ትንሽ ላስረዳ። ሴሮቶኒን የነርቭ ሴሎቻችን መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ስሜት ላይ ይሠራል። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ፍሬን ላይ ያለው ድርሻ ነው። አንድ ሰው ሲሰድበን ከአንጎላችን ጠለቅ ያለው ክፍል «በለው!» ይላል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ «ቆይ፣ ነገ ምን ይመጣል?» ይላል። ይህ የፊተኛው ክፍል ያኛውን ለመያዝ ሴሮቶኒን ያግዘዋል። ፍሬኑ ሲላላ በሐሳብና በድርጊት መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል።

ችግሩ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ ሴሮቶኒን መለካት ቀላል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዘወር ያለ መንገድ ፈለጉ። ሴሮቶኒን ሥራውን ጨርሶ ሲፈራርስ 5-ኤች አይ ኤ ኤ የሚባል ቅሪት ይተዋል። ይህ ቅሪት አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ከወገብ በመርፌ የሚወሰደውን ፈሳሽ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱው ነው። ምድጃ ውስጥ ያለውን አመድ አይቶ ምን ያህል እንጨት እንደነደደ እንደመገመት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ስቶክሆልም ውስጥ ማሪ ኦስበርግ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በድብርት የታመሙ 68 ሰዎችን ፈሳሽ መረመሩ። ታማሚዎቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ የአንደኛው ቡድን «አመድ» አነስተኛ ነው። ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት በዚህ በአነስተኛው ቡድን ውስጥ በዝተው ተገኙ። ሁሉም በድብርት የታመሙ ናቸው፤ ስለዚህ ልዩነቱን ድብርት ብቻውን ሊያስረዳው አልቻለም።

ከዚያ ጥናቱ ወደ ፊንላንድ ተሻገረ። እዚያ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ የአእምሮ ምርመራ ይደረግለታል። ማቲ ቪርኩነን የሄልሲንኪ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ። ማርኩ ሊኖይላ ደግሞ ትውልዳቸው ፊንላንድ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪ ነበሩ። ሁለቱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰው የገደሉ ወይም ለመግደል የሞከሩ 36 ወንዶችን አጠኑ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ያገኙት ይህን ነው። አቅደው፣ አስበውበት ወንጀሉን የፈጸሙት ቅሪታቸው ከፍ ያለ ነው። በደም ፍላት፣ ያለ እቅድ የፈጸሙት ዝቅ ያለ ነው። ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተገኘው ግን ሰው ከመጉዳታቸውም በተጨማሪ በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የሚያውቁት ወንዶች ላይ ነበር።

ይህን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡት። ጥናቱ የለያቸው «ክፉ» እና «ደግ» በሚል አይደለም፤ አስቦ በሠራውና ሳያስብ በሠራው መካከል ነው። ሳያስብ ሌላውን የሚጎዳው ሰው ደግሞ ራሱን ሊጎዳ የሚችለው ሰው ሆኖ ተገኘ። እዚህ አገር «ሰይጣን አሳሳተኝ፣ እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም» የሚለውን ቃል ስንቴ ሰምተናል? አንዳንዱ ለማምለጥ ይለዋል። አንዳንዱ ግን በእውነት ነው የሚለው፤ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞበታል።

ጦጣዎቹ ምን አሳዩን?

«እስረኛ ሆኖ፣ ተጨንቆ፣ ጠጪ ሆኖ ኬሚካሉ ቢቀንስ ምን ይገርማል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ጠይቀውታል። ሊኖይላ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆነው አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና አጠገብ ባለች ደሴት ላይ በነጻነት የሚኖሩ ሪሰስ የሚባሉ ጦጣዎችን ተከታተሉ። እነዚህ አረቄ አይጠጡም፣ ፖሊስ አይይዛቸውም።

ቅሪታቸው ዝቅተኛ የሆነ ወጣት ወንዶች ከነሱ ከሚበልጡ ጋር ሳይቀር ይጣላሉ፤ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ሌሎቹ የማይደፍሩትን ዝላይ ይዘላሉ፤ ሰውነታቸው ጠባሳ በጠባሳ ነው። 49 ወጣት ወንዶችን ለአራት ዓመት ያህል ሲከታተሉ፣ የሞቱትና የጠፉት በብዛት ዝቅተኛ ቅሪት ካላቸው መካከል ሆነው ተገኙ። ጦጣ ራሱን አያጠፋም። ግን ፍሬኑ የላላ ፍጡር በወጣትነቱ እንደሚቀጠፍ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የነካኝ ሌላው ግኝት ነው። ከእናታቸው ተለይተው ያለ እናት ያደጉ ጦጣዎች፣ እናታቸው ካሳደገቻቸው ይልቅ የሴሮቶኒን ቅሪታቸው አነስተኛ ነበር። ማለትም ኬሚካሉ ስንወለድ ተሰፍሮ የተሰጠን ብቻ አይደለም፤ አስተዳደግም ይነካዋል።

ታዲያ ዕጣ ፈንታ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው ፊንላንድ ውስጥ፣ በደም ፍላት ከባድ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች ላይ አንድ የሴሮቶኒን ተቀባይ ዘረ መል (ጂን) ተሰብሮ ተገኘ። ይህ ለውጥ በፊንላንዳውያን ላይ የታየ ነው፤ ከ100,000 በላይ የአገሪቱ ሰዎች ይሸከሙታል። ታዲያ ከእነዚህ አብዛኞቹ ማንንም ሳይመቱ፣ በሰላም ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። ወንጀል ከፈጸሙት ውስጥ ደግሞ ድርጊቱ በአብዛኛው የተፈጸመው በመጠጥ ውስጥ ሆነው ነው። ጂኑ ብቻውን ሰው አልመታም። ጂን፣ መጠጥና የሕይወት ሸክም ተደራርበው ነው።

መጠጥ ይህን የላላ ፍሬን ጭራሹን ይለቀዋል። እኔም ድንገተኛ ክፍል ስሠራ፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቢራ ሆነ አረቄ፣ ውስኪ ሆነ ጠላ ልዩነት የለውም።

ሦስት ነገር ደግሞ እንዳትሳሳቱብኝ፦

👉 «ሴሮቶኒኔን ልለካ» ብላችሁ ላብራቶሪ እንዳትሄዱ። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማ የሚገኘው አንጀት አካባቢ ነው፤ በደም የሚለካው የአንጎላችንን አይነግረንም። የወገብ ፈሳሹም ለምርምር እንጂ «ይህ ሰው ራሱን ያጠፋል፣ ያኛው አያጠፋም» ብሎ ለመለየት አያገለግልም።

👉 «ድብርት ማለት የሴሮቶኒን እጥረት ነው» የሚለው ቀላል አባባል ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ዳሰሳ ለዚህ አባባል በቂ ማስረጃ እንደሌለ ጽፏል። የዛሬው ርዕሳችን ግን ስለ ግንፍልተኝነት ነው እንጂ ስለ ሐዘን አይደለም። እዚያም ቢሆን ኬሚካሉ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው።

👉 ማስረዳት ሰበብ መስጠት አይደለም። «ኬሚካሌ ነው» ብሎ ሚስቱን የሚመታ ሰው ይቅር አይባልም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሽታውን አልመረጠም፤ መድኃኒቱን መውሰድ ግን የእሱ ኃላፊነት ነው። ይህም እንደዚያው ነው።

ደቂቃዎቹን ተጠንቀቁ

በድብርት የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ለሳምንታት ያመላልሰዋል። ግንፍልተኛው ግን ከሐሳቡ እስከ ድርጊቱ ደቂቃዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው «ጠዋት እኮ ሲስቅ ነበር» የሚባለው። ውሸት አይደለም፣ እውነትም ሲስቅ ነበር።

አደጋው ከፍ የሚለው መቼ ነው?

👉 ከከባድ ጠብ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት። ስካሩ ሲወጣ፣ ቁጣው ሲበርድ፣ ያደረገው ነገር ፊቱ ሲደቀን። ኃፍረትና ጸጸት በአንድ ጊዜ ይወርዱበታል። ያ እጁን የሰፋሁለት ልጅ የነበረበት ሰዓት ይህ ነበር።

👉 ታስሮ በገባባቸው የመጀመሪያ ቀናት፣ ከእስር ሲወጣም።

👉 ሚስቱ ወይም ፍቅረኛው ጥላው ስትሄድ፣ ሥራ ሲያጣ፣ ሰው ፊት ሲዋረድ።

👉 ከዚህ በፊት ሞክሮ የሚያውቅ ከሆነ። ከሁሉም ምልክቶች ከባዱ ይህ ነው።

አነጋገሩንም አድምጡ። «እኔ ብጠፋ ይሻላችኋል»፣ «ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም»፣ «ለእኔ ምን ትደክማላችሁ»። እኔ የመጨረሻዋን በጆሮዬ ሰምቼ አልፌያታለሁ። እናንተ እንዳታልፏት።

የእነዚህ ደቂቃዎች ነገር ግን ተስፋም አለው። በደቂቃዎች የመጣ ማዕበል በደቂቃዎችም ያልፋል። በዚያ ሰዓት አደገኛ ነገር እጁ ላይ ካልገባ ብዙ ሰው ይተርፋል፤ ከተረፉት መካከል ደግሞ አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን አያጠፉም። ስሪ ላንካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በጣም መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ተራ በተራ ከገበያ በማገዷ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ራስን የማጥፋት መጠኗ 70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የሰዎቹ ሐዘን አልጠፋም፣ ኑሯቸውም በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። በዚያች መጥፎ ሰዓት መርዙ አጠገባቸው አለመኖሩ ነው ያዳናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገልጻል። ከነዚህ ስንቱ ያችን ሰዓት ቢያልፋት ኖሮ ዛሬ በሕይወት በነበረ!

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

👉 ጠይቁት። «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብላችሁ በቀጥታ። መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም፤ እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። ግን ቁጣው ላይ እያለ ሳይሆን ከበረደለት በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ ሳትሰብኩት።

👉 ቤቱን አጽዱ። የጦር መሣሪያ፣ ፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የተከማቸ መድኃኒት ከእጁ ይራቅ። ዘመድ ቤት ይቀመጥ፣ ይቆለፍ። «ይሰማዋል፣ ያፍራል» ብላችሁ አትተዉት።

👉 ከከባድ ጠብ በኋላ ብቻውን አትተዉት። «ዝም በሉት፣ ይብረድለት» ጥሩ ነው፤ ግን አንድ የሚያከብረው ሰው አጠገቡ ይኑር። ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ የሰፈር ጓደኛ፣ የንስሐ አባት ወይም ሼህ ሊሆን ይችላል።

👉 ሐኪም ጋ ውሰዱት። ለግንፍልተኝነት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ባይፖላር፣ ጫትና ሌሎች አነቃቂዎች፣ የእንቅልፍ ማጣት። መጀመሪያ ይህ መለየት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ግን በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ጸበል ወይም ዱዓ ላይ ከሆነም ሕክምናውን አይከለክለውም፤ ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

«ሕክምናው ይሠራል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የንግግር ሕክምና ቁጣው ከመገንፈሉ በፊት ያለውን ምልክት እንዲያውቅ ያሠለጥነዋል። ከመድኃኒት ደግሞ ፍሉኦክሰቲን የተባለው በሴሮቶኒን ላይ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ በየጊዜው ድንገት የሚገነፍል 100 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከማስመሰያ መድኃኒት ይልቅ ቁጣን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ችግሩ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የተወላቸው ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ግማሽ አይሞሉም። ይረዳል እንጂ ተአምር አይደለም ማለት ነው። አደራ፣ ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ! በተለይ ከ25 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል የሐኪም ክትትል የግድ ነው። ባይፖላር ላለበት ሰው ደግሞ ብቻውን ሲሰጥ ሊያባብሰው ይችላል።

ለአንቺ፣ እየተመታሽ ለምታነቢው

ይህን ጽሑፍ «ታምሞ ነውና ቻዪው» ብዬ እንደጻፍኩት አድርገሽ እንዳታነቢው። እንዲያ አላልኩም። መጀመሪያ የአንቺና የልጆችሽ ደህንነት ነው።

ብዙ እህቶች በውስጥ መስመር የሚጽፉልኝ ይህን ነው፦ «ዶክተር፣ ልሄድ ስል ራሴን አጠፋለሁ ይለኛል።» ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ንግግሩ የምር ሊሆን ይችላል፤ ችላ አይባልም። ሁለተኛ፣ እሱን በሕይወት የማቆየት ሸክም በአንቺ ጀርባ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም። ስለዚህ ለወንድሙ፣ ለእናቱ፣ ለጓደኛው ደውለሽ «እንዲህ ብሏል፣ አሁኑኑ አጠገቡ ሁኑ» በያቸው። አንቺ ግን ከእሱ ጋር ብቻሽን ቤት ውስጥ አትቆዪ። ተስፋ የቆረጠና የተቆጣ ሰው በዚያች ሰዓት ቁጣው ወዴት እንደሚዞር ራሱም አያውቀውም።

ለአንተ፣ ቱግ ለምትለው

ምናልባት ይህን የላከልህ ሰው አለ። ተናደህ አትዝጋው።

ከጠብ በኋላ ራስህን እንደምትጠላው አውቃለሁ። ስንት ታካሚ ነግሮኛል። «እኔ እንደዚህ ነኝ፣ በቃ፣ የአባቴ ደም ነው» ትል ይሆናል። አይደለም። ፍሬንህ ከሌላው ሰው ላላ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የላላ ፍሬን ደግሞ ይጠበቃል።

መጠጡን አቁም። ካልቻልክም ይህ ራሱ የሚታከም ነገር ነው፤ ለሐኪምህ ንገረው። ሲገነፍል ደረትህ፣ መንጋጋህ፣ እጅህ ይነግርሃል፤ ያኔ ከቤቱ ውጣና ተራመድ፣ መኪና ግን አታሽከርክር። «ልሙት» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ምንም ነገር አትወስን። አንድ ሰው ጋ ደውለህ «አሁን ብቻዬን መሆን የለብኝም» በለው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃልህ ያዛት። ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅብህም።

ያ ልጅ

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለክትትል ሲመጣ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። በሁለተኛው ጊዜ እጁን ዘርግቶ ጠባሳውን አሳየኝና «ጥሩ ሰፍተሽዋል» አለኝ። ሥነ አእምሮ ክፍል መድኃኒት ጀምሯል፤ መጠጡን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ አንድ ጊዜ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ግን ወጥቶ መሄድ ችሏል። እህቱ ከጎኑ ነበረች። ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ሌላ ቦታ ስለተመደብኩ አላየሁትም። ደህና እንዲሆን እመኛለሁ።

እኔ ላይ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በጠብ ተጎድቶ፣ መስታወት መትቶ፣ ፖሊስ ይዞት የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ቁስሉን ሰፍቼ ስጨርስ ፖሊሱን «አንድ ደቂቃ» እለውና መጋረጃውን እስባለሁ። ከዚያ ያቺን ጥያቄ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ «ኧረ የለም ዶክተር» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ግን ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

አሁን እያነበባችሁ ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ ካለባችሁ ብቻችሁን አትሁኑ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ 988 ደውሉ።

ቤታችሁ ውስጥ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ «ግንፍል ነው፣ ልቡ ግን ንጹህ ነው» የምትሉት ሰው ካለ ዛሬ አንድ ጊዜ ደውሉለትና እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። ጽሑፉንም ለሚጠቅመው ሰው አጋሩ።

ሰላምና ጤና ለሁላችሁም።